«ክር ነው» ያለው መዝገብ ጠባቂ

አንድ መዝገብ ቤት የሚጠብቅ ሰው ነበረ።

ይርዳው ወንድሜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን የጠየቅኸኝን ይዤ ሰነበትኩ። ጆሮዬ ስለደከመ ጮኸህ ነው የጠየቅኸኝ፤ ከእኔ ሌላ አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሰምተውታል። «ጋሽ ደስበለው፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን አዲስ ሲስተም መጣና ካርዱ ሁሉ ስካን ተደርጎ ክላውድ ላይ ይወጣል ተባለ። እኔን በቅጡ ያማከረኝ የለም። ጡረታዬ ሁለት ወር ቀርቶታል። የማውቀውን ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ልውጣ?» ነው ያልከኝ።

ያን ጊዜ ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ቶሎ መመለስ አይሆንልኝም። በቃል ብነግርህ ደግሞ ታቋርጠኛለህ፤ ጠባይህን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ስለዚያ መዝገብ ጠባቂ ልንገርህ። ስሙን አልጠራውም፤ ነፍሱን ይማር።

ይህ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የቤትና የቦታ መዝገብ ይጠብቅ ነበር። እኔ በዚያው ግቢ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። የምነግርህ ያየሁትን ነው።

መዝገብ ክፍሉ ከግቢው በስተጀርባ ነበር። ጠባብ ነው፤ መስኮቱም አንድ ነው። መደርደሪያው ከባሕር ዛፍ ጣውላ ተሠርቶ እስከ ጣራው ይደርሳል። በሩ ሲከፈት የወረቀትና የአቧራ ሽታ፣ ትንሽም የማህተም ቀለም ሽታ ይቀበልሃል። ዛሬ ያ ሽታ የትም የለም። አንዳንድ ጊዜ አሮጌውን የጸሎት መጽሐፌን ስከፍት ድንገት ይመጣብኝና እዚያ በር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።

መዝገብ ጠባቂው ማህደር ሲፈልግ በቁጥር አይፈልግም ነበር። ቁጥሩ በማህደሩ ጀርባ ተጽፏል፤ እሱ ግን ሰውየውን ነው የሚጠይቀው። «የማን ልጅ ነህ? አባትህ ያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የነበረው ነው? እናትህ ተሻላት ወይ?» ይላል። ሰውየው መልሶ ሳይጨርስ እጁ ማህደሩ ላይ ነው። ሰው ወደዚያ ክፍል የሚገባው ጉዳይ ለማስፈጸም ነበር፤ ሲወጣ ግን ዘመድ ጠይቆ እንደሚመለስ ሰው ሆኖ ይወጣል።

አሁን ስለ ክሩ ልንገርህ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በአንድ ግቢ ምክንያት ወንድምና እህት ተጣሉ። አባታቸው ሲሞት ግቢው በወንድምየው ስም ተመዝግቦ ነበር። እህትየው ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ ወደ አባቷ ግቢ ተመልሳ በጓሮው ክፍል ትኖራለች። ሦስት ሽማግሎች ገብተው አስታረቋቸው። ግቢው በወንድምየው ስም ይቆይ፤ እህትየው በሕይወት እስካለች ግን ከጓሮው ክፍል የሚያስወጣት አይኑር፤ ያለ እሷ ፈቃድም አይሸጥ ተባለ። በእግዚአብሔር ስም ማሉ። በማግስቱ አምስቱም ሆነው ወደ መዝገብ ቤት መጡ።

መዝገብ ጠባቂው ወረቀትና ብዕር ሲያነሣ ወንድምየው እጁን ያዘው።

«ተው ወንድሜ! በእህቴ ላይ ወረቀት አላጽፍም። ወረቀት ለማይተማመን ሰው ነው» አለ።

ሽማግሎቹም «እውነቱን ነው» አሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ቃል ከማህተም ይከብድ ነበር።

«እንግዲያው እኔ በምን ላስታውሰው?» አለ መዝገብ ጠባቂው። «ስንቱን ማህደር በጭንቅላቴ ልሸከም?»

እህትየው ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዝዛ ሰጠችው። እሱም ማህደሩን በክሩ ጠመጠመና ለሦስቱ ሽማግሎች ሦስት ጊዜ ቋጠረው። «እንግዲህ ይህ ማህደር ያለ እህትህ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለው ወንድምየውን። ወንድምየው ክሩን ጎንበስ ብሎ ሳመው።

ወሬው በከተማው ተሰማ። ከዚያ ወዲህ በቤትና በቦታ ተጣልቶ የታረቀ ሁሉ ከልብሱ ክር እየመዘዘ ይመጣ ጀመር። ከቀሚስ ጥለት የወጣ ቀይ ክር አለ። ከጋቢ የወጣ ወፍራም ክር አለ። አንድ ነጋዴ ክር የሚመዝበት ልብስ ቢያጣ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ሰጠ። ጫማውን እየጎተተ ሲወጣ በሩ ላይ አገኘሁትና «ምነው?» ብለው «ታርቄ ነው» አለኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል። ልብሱን መምዘዝ ያሳሳው ደግሞ ከሱቅ ክር ገዝቶ ይመጣ ነበር፤ መዝገብ ጠባቂው እሱንም ይቀበላል።

ሕጉ ክር አያውቅም። መመሪያም አልወጣለትም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሠራ! ሰው ቤት ሊሸጥ ሲመጣ መዝገብ ጠባቂው ማህደሩን ያነሣል። ክር ካየበት መልሶ ያስቀምጠውና «ሂድ፣ ወንድምህን ይዘህ ና» ይላል። ሰውየው አፍሮ ይሄዳል፤ ከወንድሙ ጋር ይመጣል። እያንዳንዱ ክር ስለ ማን እንደሆነና ምን ቃል እንደታሰረበት የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። ደብተር ላይ አላሰፈረውም፤ ለማንም አልነገረም። እውነቱን ልናገርና በዚህ ትንሽ ይኮራ ነበር። እኛም እንኮራበት ነበር።

ሁሉም ያማረ ነበር ብዬ ደግሞ አልዋሽህም። ክረምት ሲገባ ጣራው ያፈሳል። የአንድን ሰፈር መዝገብ ግማሹን አይጥ በልቶታል። መዝገብ ጠባቂው ከቤቱ ድመት ቢያመጣ ድመቲቱ ሦስት ቀን ቆይታ ወደ ሥጋ ቤቱ ኮበለለች። ስለዚህ አዲስ ነገር መምጣቱ ክፉ አልነበረም።

አንድ ቀን ስብሰባ ተባለ። ዘበኛም ጽዳትም ሳይቀር ተጠራን። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ቆሞ «የቢሮው ሶፍትዌር ይሻሻላል። አሮጌው ፕሮግራም ይቀራል። ሰነድ ሁሉ ስካን ተደርጎ ክላውድ ላይ ይቀመጣል። ይህ ቢሮ ቢቃጠል እንኳ አንድ ወረቀት አይጠፋም» አለ።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ክላውድ ማለት ምንድን ነው ጌታዬ?» አለች።

«ደመና ማለት ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ክረምት ሲገባ ይመለስልናላ!» አለች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቀ።

በዚህ መካከል መዝገብ ጠባቂው እጁን አነሣ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና «አባባ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አለው። መጨረሻ ላይ ለስላሳ ታደለና ስብሰባው ተበተነ። መዝገብ ጠባቂው እጁን ቀስ ብሎ ሲያወርድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ወደ ዕቃ ቤት ተወሰደ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወንበር ተሰጠውና «ጡረታዎ እስኪደርስ እዚህ ይረፉ» ተባለ። ሰው ሳይደክመው ዕረፍ ሲባል ምን እንደሚሰማው አንተ ታውቃለህ።

ሥራውን እንድትሠራ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ከሌላ ከተማ ተላከች። ሥርዓት ያላት ሴት ናት። ጠዋት ስትገባ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ምሳዋን እዚያው ማህደሮቹ መካከል ተቀምጣ ትበላለች። ወረቀቱ ወደ ስካን ማድረጊያው እንዲገባ ማህደሩ መፈታት አለበት። በሦስተኛው ቀን አንድ ማህደር በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዳንዱ ማህደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታስሯል። ትርጉም አለው?»

መዝገብ ጠባቂው አየው። ያች እህት ከነጠላዋ የመዘዘችው ክር ነው፤ የመጀመሪያው፤ ሦስቱ ቋጠሮ እንዳለ ነው። ቀና ብሎ ሴትዮዋን አያት። በልቡ ግን እሷ አልነበረችም። በልቡ ያ ስብሰባ ነበር፤ ያ ጠረጴዛ ነበር፤ ተነሥቶ ማንም ያላየው እጁ ነበር።

«ክር ነው» አላት።

«ክር መሆኑንማ አየሁት። ማለቴ...»

«ክር ነው አልኩሽ እኮ ልጄ። አሮጌ ክር።»

«ልቁረጠው ታዲያ?»

«እንደ ወደድሽ።»

ይርዳው፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ሐሰት አልተናገረም፤ ክር ነበር። ግን በዕድሜዬ ከሰማሁት ውሸት ሁሉ የዚያን ያህል የከበደ አልሰማሁም። ያስቀየመው ኃላፊው ነው። መልሱን የሰጠው በትሕትና ለጠየቀችው ነው። ጉዳቱ ደግሞ በሁለቱም ላይ አልወደቀም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመቀሱ ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ በተቆረጠ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ግን አይነሣም። ሴትዮዋ ክሩን አልጣለችውም። በፌስታል ሰብስባ አምጥታ «ጋሼ፣ መጣሉን ፈራሁት፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» አለችኝ። በጥበቃ ቤቴ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። የእያንዳንዱን ባላውቅም ክር ማለት ምን እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። ዘበኛን ማን ይሰማል ብዬ ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሥራው አለቀ። እውነትም ደስ ይል ነበር። ቀድሞ አንድ ሳምንት የሚያመላልሰው ጉዳይ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ባለጉዳይ እየመረቀ ይወጣል። ክፍሉ ተጠርጎ መደርደሪያው ተነቀለ።

ያ «በእህቴ ላይ ወረቀት አላጽፍም» ያለው ወንድም ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር። ግቢው ለልጁ ተላለፈ። ልጁ ሩቅ ከተማ የሚኖር፣ ቤተሰብ የመሠረተ ሰው ነው። ግቢውን ሊሸጥ መጣ፤ ማስረጃውን በአሥር ደቂቃ አተሙለት፤ ገዢም ቶሎ አገኘ። ለአክስቱ ያልነገራት ጠልቷት አይደለም። ጥገኛ ትመስለው ነበር፤ ሲሄድ ይዟት ሊሄድ አስቦ ነበር።

አሮጊቷ ነገሩን የሰማችው ገዢው ሜትር ይዞ ጓሮዋ ሲገባ ነው።

«ምን ትለካለህ ልጄ?»

«ግቢውን ገዝቻለሁ እማማ። ይህቺን ክፍል አፍርሼ መጋዘን ልሠራ ነው።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን ለበሰችና በማግስቱ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መጣች። በሩን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። «ክሬ አለ፤ ምን እሆናለሁ?» እያለች ነበር የምትገባው። ይህን ስትል አንገቴን ደፋሁ።

የባለጉዳይ መስተናገጃው መስኮት ላይ ያች ባለሙያ ተቀምጣለች። ከኋላ ሰልፍ አለ።

«እናቴ፣ የይዞታ ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለኝም። እኔ ያለኝ ክር ነው።»

«የምን ክር?»

«ከነጠላዬ የመዘዝኩት ነዋ! ከወንድሜ ጋር ስንታረቅ ማህደሩ ላይ የታሰረው።»

ከሰልፉ አንዱ ቀልደኛ «እማማ፣ ክሩን ደመናው ላይ ሰቅለውታል፤ መሰላል ያምጡ!» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። የሰፈሩንና የወንድሟን ስም ጠይቃ ማህደሩን አገኘችና ኮምፒውተሩን ወደ አሮጊቷ አዞረችላት። «ይኸው እናቴ፣ አይስጉ። አንድ ገጽ አልጠፋም፤ ሁሉም አለ።»

አሮጊቷ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ አየች። የወንድሟን ፊርማ አየች። ባለሙያዋ የአባቷን ስም አነበበችላት። ከዚያ ጣቷን መስተዋቱ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች።

«አዎ፣ የእነሱ አለ» አለች። «የእኔስ የታል?»

መዝገብ ጠባቂው ከወንበሩ ሆኖ ይህን ሰማ። ተነሣ። ከኮሪደሩ እስከ መስኮቱ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እሱ ግን ተራራ እንደሚወጣ ሰው ግድግዳውን ይዞ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር» አላት ባለሙያዋን።

«ክር ነው ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼሻለሁ።»

«ክር አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ክርማ ክር ነው። የታሰረበት ግን የሰው ቃል ነው። በዚህ ማህደር ላይ የዚህች ሴት ዕድሜ ልክ መኖሪያ ነበር። ስትጠይቂኝ አውቄው ነው ዝም ያልኩት።» ይህን ያለው በሰልፉ ሁሉ ፊት ነው። ያ ቀልደኛ እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ሽያጩ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማህተም ሊያርፍበት ቀጠሮ ነበረው። የቢሮው ሹም ተጠራ። «አባባ፣ ሲስተሙ ላይ የሌለ ነገር የለም ማለት ነው። እኔ በምን ላግደው?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው።

«ሲስተሙ ላይ የለም፤ እኔ ላይ አለ» አለው መዝገብ ጠባቂው። «ከሦስቱ ሽማግሎች አንዱ በሕይወት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አመጣለሁ።»

ባጃጅ ተከራይቶ ሄደና ሽማግሌውን ደግፎ አመጣቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቃላቸው ግን ደህና ነው። የወንድምየው ልጅና ገዢውም በቀጠሯቸው ደረሱ። ሽማግሌው በየት ወንበር ማን ተቀምጦ እንደነበር፣ ማን ምን ብሎ እንደማለ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጁ ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለ።

«አባቴ ሲታመም ስለ ብዙ ነገር ነግሮኛል» አለ በመጨረሻ። «ስለ ግድግዳ ሰዓቱ እንኳ ነግሮኛል። ይህን ለምን አልነገረኝም?»

«የሚረሳ አልመሰለውማ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

ገዢው «እና እኔ ግቢውን ከነአሮጊቷ ነው የምገዛው?» ብሎ አሾፈ።

ልጁ ቀና አለ። «ከነአክስቴ ካልሆነ አልሸጥልህም» አለው። ገዢው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሽያጩ በዚያው ቀረ።

በዚያው ቀን የሽማግሎቹ ቃል ተጻፈ። አሮጊቷ በጣቷ እንድትፈርም ቀለሙ ቀረበላት። ጣቷን ነከረች። «እንግዲህ ወንድሜ ይቅር በለኝ፤ ወረቀት ጻፍኩብህ» አለችና አተመች። ወረቀቱም ስካን ተደርጎ ወጣ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ደስ አለኝ፤ ደግሞ አለቀስኩ። ቤቷን አተረፈች። ያ ቃል ከማህተም የሚከብድበት ዘመን ግን በዚያች ጣት አበቃ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋና እኔ ያን ጠረጴዛ ከዕቃ ቤት ተሸክመን ወደ ቦታው መለስነው። ፌስታሉን ከምስማሬ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አርባ አንድ ክር ነበር። መዝገብ ጠባቂው አንዱን ያነሣል፤ በሁለት ጣቱ ያሸዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። «ይህ የጋቢ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ እንዳይዘጋ ማሉ» ይላል። እሷ ትጽፋለች። «ይህ የጫማ ማሰሪያ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ይሥቃሉ። ሲስተሙ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ነበረው። ከመጀመሪያውም ነበረው። የሚሞላው ሰው ነበር የጠፋው።

እንዲህ እያሉ ሠላሳ አራቱን ለዩ። ሰባቱ ቀሩ። እነዚያ ከሱቅ የተገዙት ነጭ ክሮች ናቸው፤ አንዱ ካንዱ አይለይም፤ የማንንም ልብስ አይመስሉም። አንሥቶ አየ፤ አሸተተ፤ መልሶ አስቀመጠ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ።

«እነዚህስ ጋሼ?»

«እነዚህን ማህደሩ ላይ እንዳሉ ባያቸው እነግርሽ ነበር» አለ።

«ማህደሩ ላይ እንዳለ አሳይቼዎት ነበር እኮ» ብትለው ትችል ነበር። አላለችውም። ሻይ ልታመጣለት ወጣች።

መዝገብ ጠባቂው ጡረታ ሲወጣ ሰባቱን ክር ለምኖ ወሰዳቸው። መቁጠሪያው ላይ አሰራቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ጎረቤቴ ስለነበር ንጋት ላይ ሲጸልይ እሰማው ነበር። ጸሎቱን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ክሮቹን አንድ በአንድ ይይዝና «ጌታዬ፣ ይህ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ሳልናገር ቀረሁ» ይላል። ሰባት ጊዜ። ምናልባት ከሰባቱ አንዷ እንደዚያች አሮጊት መስኮት ላይ ቆማ «የእኔስ የታል?» ብላ፣ የሚነሣላት አጥታ ተመልሳ ይሆናል። ማንም አያውቅም። እሱን የገደለው ይህ አለማወቅ ነው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ይርዳው፣ ይህ መዝገብ ጠባቂ አንተን ይመስላል። ቂምህ ቂሙን ይመስላል፤ ደግሞም እውነት አለህ፤ ሊያማክሩህ ይገባ ነበር። ያ አሮጌ ካርድ ክፍልህ እንደሚናፍቅህ አውቃለሁ፤ እኔንም ያ የአቧራ ሽታ ይናፍቀኛል። ደመናው ግን ጠላትህ አይደለም። የሰማዩ ደመና እንኳ ከምድር ያልወጣ ውሃ አያዘንብም፤ ይህኛውም ያልሰጡትን አይመልስም።

የአንተ ክር ደግሞ የምታጥፈው የካርድ ጥግ ነው። አንድ ቀን ካርዴን እያየሁ ብጠይቅህ ነግረኸኛል። የላይኛው ጥጉ የታጠፈ፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው፤ ስሙን ከመጥራት ሄዶ ትከሻውን መንካት ነው። የታችኛው ጥጉ የታጠፈ ደግሞ አንድ ዓይነት መርፌ የማይስማማው ሰው ነው፤ ካርዱን ለነርሷ ስታቀብል ቀድመህ ትነግራታለህ። ይህን በቃልህ ነው የያዝከው። ስካን ማድረጊያው ጥጉን ዘርግቶ ያልፋል። ወረቀቱ ሁሉ ይወጣል፤ እጥፋቱ ይቀራል።

የእኔ ካርድ የታጠፈው በላይ በኩል ነው። ስሜን ቢጠሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እመሻለሁ እንጂ ሌላ ጉዳት የለብኝም። የባለቤቴ ግን በታች በኩል ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት በጊዜ ግባ። ሳይጠይቁህ ጀምርላቸው። ከጠየቁህም «ወረቀቱ ታጥፎ ነው» ብለህ እንዳትመልስ። እኔ ሲጠሩኝ አልሰማም፤ አንተ ግን ትሰማለህ።